የቻይና ባህላዊ ቤትና ትርጉሙ፦ ማን የት ይኖራል?

ቤጂንግ ውስጥ ሁቶንግ በሚባሉት ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ሰው በብዛት የሚያየው ግራጫ የጡብ ግድግዳ ነው። ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት እንደ ልብ አይገኝም። ኑሮው ያለው ከግድግዳው ጀርባ፣ በግቢው ዙሪያ ነው። ይህ የቤት ዓይነት ሲሄዩዋን ይባላል። አራት ቤቶች መሐሉን ባዶ ትተው አንድን ግቢ ከአራቱም ጎን ይከቡታል።

የቻይናን ባህላዊ ሕንፃ ለመረዳት ከዚህ ቤት መጀመር ይሻላል። ቤተ መንግሥቱም ሆነ የቡድሃ ገዳሙ በመሠረቱ ይህንኑ ግቢ አስፍተውና ደጋግመው የሠሩት ነው። ሁሉም የሚመልሱትም ጥያቄ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከሽማግሌዎቹ፣ ከሙታኑ፣ ከንጉሡና ከሰማይ አንጻር ቦታው የት ነው?

በሲሄዩዋን ውስጥ ዋናው ቤት በሰሜን በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረው ነው። ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል፤ ከሰሜን የሚመጣውን ብርዳማ ነፋስም በጀርባው ይመክታል። እዚህ የሚኖሩት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው። የምሥራቁ ክንፍ የታላቁ ልጅ፣ የምዕራቡ የታናናሾቹ ነው። ጀርባውን ለመንገድ የሰጠው የደቡቡ ቤት ደግሞ ለእንግዳ፣ ለሠራተኛና ለዕቃ ይውላል። ሀብታም ቤተሰብ ከሆነ በግቢው ውስጥ ሌላ ያጌጠ በር አለ። ያላገቡ ሴት ልጆች ከዚያ በር ወዲያ እንዳይወጡ፣ እንግዳ ወንድም ከዚያ ወዲህ እንዳይገባ ይጠበቅ ነበር።

ይህ አቀማመጥ የኮንፊዩሺየስ ትምህርት በጡብና በእንጨት ሲሠራ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረው ይህ መምህርና ተከታዮቹ የአገር ሥርዓት ከቤት ይጀምራል ይሉ ነበር። ልጅ አባቱን፣ ታናሽ ታላቁን፣ ሚስት ባሏን፣ ሕዝብ ንጉሡን ያከብራል። እኔን የሚማርከኝ የቤቱ ምርጥ ክፍል ለአረጋውያን መሰጠቱ ነው። ግን የዚህን ሥርዓት ትልቁን ዋጋ የከፈሉት ሴቶች፣ በተለይም ወደ ባል ቤት የመጡ ምራቶች እንደሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የሞቱትም በቤቱ ድርሻ አላቸው። የአባቶች ስም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ በዋናው አዳራሽ ወይም በጎሳው የአባቶች አዳራሽ ይቀመጣል። ዕጣን ይጨስላቸዋል፤ በበዓል ምግብ ይቀርብላቸዋል።

በሩ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ነው። ገብቶ ፊት ለፊት የሚያጋጥመው ሌላ ግድግዳ ነው። በሕዝቡ እምነት ክፉ መንፈስ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ይህ ግድግዳ ያግደዋል። የመንገደኛንም ዓይን ያግዳል፤ ሁለቱ ምክንያቶች አይጋጩም። የቤትና የመቃብር ቦታን የሚመርጠው ፌንግሹይ የሚባለው ልማድም እንዲሁ ነው። ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ውኃ ይፈልጋል። በደቡቡ የአንሁይ ክፍለ አገር፣ የሁይጆው ነጋዴዎች በሠሯቸው ቤቶች ጣሪያው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከአራቱም ጎን የሚወርደው ዝናብ በቤቱ መሐል ወዳለችው ትንሽ ክፍት ግቢ ይገባል። ውኃ ሀብት ነው፤ ወደ ጎረቤት መፍሰስ የለበትም።

መንግሥትም ዝም አላለም። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ1393 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ደንብ ተራ ሰው ከሦስት ክፍል የበለጠ ቤት እንዳይሠራ ከለከለ። ጣሪያውን ደግፈው የሚይዙትን፣ ዶውጎንግ የሚባሉትን የተደራረቡ እንጨቶች መጠቀምም ሆነ ቤቱን በቀለም ማስጌጥ አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ጣሪያውን ያየ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ቤጂንግ የሚገኘው፣ የተከለከለችው ከተማ የሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። ከ1406 እስከ 1420 የተሠራ ሲሆን 72 ሄክታር ይሸፍናል። ዋናዎቹ አዳራሾች ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። መስመሩ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በከተማይቱ ውስጥ 7.8 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቤት ሽማግሌ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። በትልልቆቹ በሮች ላይ ዘጠኝ በዘጠኝ የተደረደሩ ጉብጉብ ጌጦች አሉ። ጎዶሎ ቁጥር የያንግ፣ ማለትም የብርሃንና የወንድ ኃይል ነው፤ ከነጠላ ቁጥሮች ትልቁ 9 የንጉሥ ነው። በጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚደረደሩት ትንንሽ እንስሳት የሕንፃውን ማዕረግ ይናገራሉ። 10 እንስሳት ያሉት ዙፋኑ ያለበት ታላቁ አዳራሽ ብቻ ነው። ጣሪያዎቹ ቢጫ ናቸው፤ ቢጫ የመሬትና የመሐል ቀለም ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ግን ጥቁር ነው። ጥቁር የውኃ ቀለም ስለሆነ መጻሕፍቱን ከእሳት ይጠብቃል ተብሎ ታምኗል። ሥጋቱ እውነተኛ ነበር። ሦስቱ ታላላቅ አዳራሾች ገና በ1421 በመብረቅ ተቃጥለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ትርጉም የታጨቀበት ግን እዚያው ቤጂንግ ያለው የሰማይ ቤተ መቅደስ ነው። ሰማይ ክብ፣ ምድር አራት ማዕዘን ናት የሚል ጥንታዊ አስተሳሰብ አለ። ስለዚህ ሰማይን የሚወክሉት ሕንፃዎች ክብ ሆኑ። የአጥሩ ሰሜናዊ ጫፍ ክብ፣ ደቡባዊው አራት ማዕዘን ነው። ለመልካም አዝመራ የሚጸለይበት አዳራሽ 28 ትልልቅ ምሰሶዎች አሉት። መሐል ያሉት አራቱ ወቅቶችን ይወክላሉ። ቀጥሎ ያሉት 12 የዓመቱን ወራት፣ የውጨኞቹ 12 ደግሞ ቻይናውያን ቀኑን ይከፍሉባቸው የነበሩትን 12 ሰዓቶች ይወክላሉ። በ1889 መብረቅ አቃጥሎት እንደገና ተሠርቷል። ከእሱ በስተ ደቡብ ጣሪያ የሌለው ክብ መሠዊያ አለ። በመሐሉ አንድ ድንጋይ ተነጥፏል። የሚከበው የመጀመሪያው ዙር 9፣ ሁለተኛው 18 ድንጋዮች አሉት። እንዲህ በዘጠኝ እየጨመረ 27ኛው ዙር 243 ይደርሳል። ሌሊቱ ከሁሉ በሚረዝምበት የታኅሣሥ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ይወጣና ለሰማይ ይሰግድ ነበር። በአገሩ ሁሉ ሰው ለእሱ ይሰግድ ነበር፤ እዚህ ግን ሰጋጁ እሱ ነበር።

በፉጂያን ክፍለ አገር ያሉት የሃካ ሕዝብ ቤቶች፣ ቱሎው የሚባሉት፣ ከዚህ የማዕረግ ሥርዓት ትንሽ ወጣ ይላሉ። ብዙዎቹ ክብ ናቸው። የተጠቀጠቀው የአፈር ግድግዳቸው ከ1 ሜትር በላይ ይወፍራል። ሽፍታ ይፈሩ ስለነበር ከታች መስኮት የላቸውም። ውስጡ ግን እኩል ይከፈላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከምድር እስከ ጣሪያ ድርሻ አለው፦ ታች ወጥ ቤት፣ ከላዩ የእህል ማከማቻ፣ ከዚያ በላይ መኝታ። የሁሉም ክፍል መጠን ተመሳሳይ ነው። በ1709 የተጠናቀቀው ቼንግቺሎው አራት ክብ ዙሮች አሉት፤ መሐሉ ላይ የቆመው የአባቶች አዳራሽ ነው። እዚህ ሰውን እኩል ያደረገው አንድ አባት መጋራት ነው።

የግቢው ባዶነት የሚታየውን ያህል ቀላል ነገር አይደለም። ዳኦ በሚባለው ጥንታዊ የቻይና ፍልስፍና ቤትን የሚጠቅም ቤት የሚያደርገው ግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሱጆው በምትባለው ከተማ ያሉት የአትክልት ቦታዎች ይህንን ወደ መዝናኛ አምጥተውታል። በሥርዓት የደከመ ሹም ኩሬ፣ ዐለትና ጠማማ መንገድ ይሠራና ቀጥታ መስመር ከሌለበት ቦታ ያርፍ ነበር።

በ1949 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ብዙ ሲሄዩዋኖች ለበርካታ ቤተሰቦች ተከፋፈሉ። የቤት ችግር ነበርና ነዋሪዎቹ ግቢው ላይ ወጥ ቤትና ተጨማሪ ክፍል ቀጠሉበት። በኋላም ለአዳዲስ ፎቆች ሲባል ብዙ ሁቶንጎች ፈረሱ። አሁን የቀሩትን የመጠገኑ ሥራ ቀጥሏል። በእኔ እምነት የመንገድ ዳሩን ግድግዳና በሩን ብቻ አሳምሮ ግቢውን በግንባታ የሚሞላ ጥገና ቤቱን አላዳነውም፤ ሽማግሌውን፣ ልጁንና እንግዳውን በየቦታው ያስቀመጠው ያ ክፍት መሐል ነበር።