ዴስቲኔሽን ዌዲንግ ምንድን ነው? ተጠርቶ ለሚሄድ ሰው

ዴስቲኔሽን ዌዲንግ ማለት ሙሽሮቹም ዕድምተኞቹም ከሚኖሩበት አካባቢ ወጥተው፣ ለዚሁ ተብሎ በተመረጠ ሌላ ቦታ የሚደገስ ሠርግ ነው። የግሪኳ ሳንቶሪኒ፣ የጣሊያኑ ኮሞ ሐይቅ፣ ዛንዚባር፣ ባሊ፣ የሜክሲኮዋ ካንኩን በዚህ ስማቸው ይነሳል። ሙሽራዋ ተወልዳ ባደገችበት አገር ከሚደገስ ሠርግ ይለያል፤ እዚያ ቢያንስ የሚቀበል ዘመድ አለ። እዚህ ግን ሁሉም እንግዳ ነው፣ ደጋሹም ጭምር።

ለሙሽሮቹ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የታዳሚው ቁጥር ማንም ሳይቀየም በራሱ ይቀንሳል፣ ድግሱና ሽርሽሩም አንድ ላይ ይሆናል። ለተጠራው ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። በተለመደው አሠራር ሙሽሮቹ የሚሸፍኑት ድግሱን፣ አንዳንዴም ከሆቴል ወደ ሠርጉ ቦታ የሚያመላልሰውን መኪና ነው። ትኬቱ፣ ሆቴሉና ቪዛው የዕድምተኛው ዕዳ ነው። በጥሪው ላይ “እንሸፍናለን” ተብሎ ያልተጻፈን ነገር ሁሉ ከራስ ኪስ እንደሚወጣ አድርጎ ማሰብ ይሻላል።

ብዙ ዕድምተኛ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ውጭ አገር የሚታየው ሥነ ሥርዓት ሕጋዊው ጋብቻ ላይሆን ይችላል። ፈረንሳይ ለምሳሌ ከተጋቢዎቹ ወይም ከወላጆቻቸው አንዱ በአካባቢው ቢያንስ የአንድ ወር ነዋሪነት ከሌለው በማዘጋጃ ቤት አታጋባም። ስለዚህ ብዙዎቹ ፊርማውን በሚኖሩበት አገር ጨርሰው ነው የሚሄዱት። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ረጅሙን ጉዞ የማይችል ሰው ፊርማው በሚፈረምበት ቀን ተገኝቶ ሊመርቃቸው ይችላል።

ወደ ጉዞው ስንመጣ፣ የጥሪ ካርድ የአዳራሹን በር እንጂ የድንበሩን አያስከፍትም። ቀኑን አስቀድሞ የሚያሳውቀው መልእክት እንደደረሰ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፓስፖርቱ ነው። ብዙ አገሮች በሚገቡበት ጊዜ ገና ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ይጠይቃሉ። የሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከክልላቸው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር እንዲቀረው፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው እንዲሆንና ሁለት ባዶ ገጽ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ መነሳት አለበት። ለሸንገን ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ይወስዳል፣ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። የቀጠሮው ወረፋ ከዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ሠርግ የሚበዛባቸው ከጁን እስከ ኦገስት ያሉት ወራት ደግሞ መንገደኛ ሁሉ ለቪዛ የሚሰለፍባቸው ናቸው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። የሚያመለክቱት በአብዛኛው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። ሠርጉ ጣሊያን ሦስት ቀን ሆኖ ፓሪስ ስድስት ቀን የሚቆይ ሰው ማመልከቻው በአብዛኛው የሚመለከተው ፈረንሳይን ነው።

ካርዱ ከማመልከቻው ጋር ቢያያዝ አይጎዳም፣ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሙሽሮቹ መጠየቅ ያለበት ደብዳቤ ነው፦ የተጋባዡ ስም ልክ በፓስፖርቱ እንደተጻፈው፣ የፓስፖርት ቁጥሩ፣ የሠርጉ ቀንና ሙሉ አድራሻ፣ ማን የቱን ወጪ እንደሚችል፤ ቢቻል የሠርጉ ቦታ የተያዘበት ውል ኮፒም ይታከልበት። ለኤምባሲው ግን ከመሄድዎ ይልቅ መመለስዎ ነው የሚያሳስበው። ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ የእረፍት ፈቃድና የባንክ መግለጫ ከደብዳቤው በላይ ይሠራሉ።

ሰው ሳያስበው የሚጠለፈው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በግሪክ ኮርፉ ደሴት ሠርግ ተጠርተዋል እንበል። ከባሕሩ ማዶ የአልባኒያዋ ሳራንዳ ከተማ በዓይን ትታያለች፤ በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በሠርጉ ማግሥት ዕድምተኛው ተሰብስቦ “ደርሰን እንምጣ” ይላል። አልባኒያ ሸንገን ውስጥ የለችም። ቪዛው ላይ የመግቢያው ብዛት 1 ተብሎ ከተጻፈ፣ ኮርፉ ወደብ ላይ መውጣትዎ በተመዘገበባት ደቂቃ ቪዛው አለቀ። ሻንጣው ኮርፉ ሆቴል ውስጥ፣ የመልሱ በረራም ከኮርፉ፣ ባለቤቱ ግን ማዶ። መግቢያው መልቲ (ደጋግሞ መግባት የሚፈቅድ) ከሆነ ምንም ችግር የለም። ስለዚህ ቪዛው እንደወጣ ከቀኑ ቀጥሎ የሚነበበው ይህቺ መስመር ናት፤ ማመልከቻው ሲሞላም መልቲ መጠየቅና ምክንያቱን መጻፍ ይቻላል።

ትራንዚትም ሌላው ወጥመድ ነው። ወደ ካንኩን የሚወስደው ርካሽ ትኬት በማያሚ ወይም በሂዩስተን የሚያልፍ ከሆነ ልብ ይበሉ፤ አሜሪካ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ አውሮፕላን መቀየር የለም። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆንም ቪዛ፣ ከቪዛ ነፃ ለሆኑትም ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃል። በትኬቱ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በማይወጣ ቪዛ ይበላል።

ሆቴልን በተመለከተ ሙሽሮቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ክፍሎችን በቡድን ዋጋ ያስይዛሉ። ክፍሎቹ የሚጠበቁት እስከ ተወሰነ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ለማንም ይሸጣቸዋል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ቪዛው ከዚያ በፊት የማይደርስ ከመሰለ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል መያዝ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ለትኬቱም እንደዚሁ። ለቪዛው ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚበቃው የበረራ ሪዘርቬሽን ነው፤ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት ቁማር ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ማታ የሚደርስ በረራ ለእኔ አይታየኝም። ሳንቶሪኒን ይውሰዱ፦ በተለይ በጁላይና በኦገስት በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነሳል፣ ሲበረታም ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ የሚነሱ ጀልባዎች ይታገዳሉ። በካሪቢያን የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የአየሩ ነገር ሰላም ቢሆን እንኳ፣ ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች ካሉ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ለሁለተኛው በአብዛኛው ማንም ተጠያቂ አይሆንም። ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ የሆቴል ወጪ ይጨምራል፤ እኔ ግን እከፍለዋለሁ።

የሠርጉ ልብስ ሻንጣ ተብሎ አይሰጥም፣ ከእጅ አይለይም። ጫማውም፣ ጌጡም፣ መድኃኒቱም። ሻንጣው ከዘገየ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ የአየር መንገዱ መስኮት ላይ ማስመዝገብና የመዝገብ ቁጥሩን መያዝ ነው። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለዘገየ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው ሻንጣውን ከተረከቡበት ቀን በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ለተጎዳ በ7 ቀን። የካሳው ጣሪያ ከዲሴምበር 28፣ 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ። ሻንጣው እስኪመጣ የተገዛ ሸሚዝም ቢሆን ደረሰኙ ይቀመጥ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቅ አገር ከሆነ፣ ክትባቱ ሕጋዊ የሚሆነው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል።

ስጦታ በጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ካለ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባም የሚወጣም ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። የዘመድ አዝማዱን ፖስታ ሰብስቦ የሚይዝ አደራ ተቀባይ ያለ ነገሩ ይህን መስመር ሊያልፍ ይችላል። ግዙፍ ዕቃ ደግሞ ለሙሽሮቹም ሸክም ነው፤ እነሱም በአውሮፕላን ነው የሚመለሱት።

በመጨረሻ መልሱ። ሙሽሮቹ ለምግቡም ለወንበሩም የሚከፍሉት በሰው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚቆረጥበት ቀን አለ። ቪዛ የሚጠብቅ ሰው “እመጣለሁ” ብሎ ዝም ከሚል “ቪዛው ከወጣ እመጣለሁ፣ መልሱን የምጠብቀው በዚህ ቀን ነው” ቢል ለሁሉም ይቀላል። እንደማይሄድ ያወቀም ያንኑ ዕለት ይንገራቸው፣ ቦታው ለሌላ ሰው ሳይረፍድ እንዲደርስ።