የሥራ ፈጠራ አስተሳሰብ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኒክ ስዊንመርን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ጫማ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። አንዱ ጋ የሚፈልገው ሞዴል አለ፣ ቀለሙ የለም። ሌላው ጋ ቀለሙ አለ፣ ቁጥሩ የለም። ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። እዚህ ድረስ በሁላችንም ላይ የደረሰ ነገር ነው። እኛ አማርረን እንተወዋለን። እሱ ግን «ጫማ በኢንተርኔት ቢሸጥስ?» ብሎ አሰበ።

በጊዜው ሐሳቡ ለብዙ ሰው የሚዋጥ አልነበረም። ጫማ እኮ ሳይለኩ አይገዛም!

ስዊንመርን መጋዘን ልከራይ፣ ብድር ልውሰድ አላለም። ጫማ ቤት ሄደ፣ አስፈቅዶ ጫማዎቹን ፎቶ አነሳና ድረ ገጽ ላይ ለጠፋቸው። ሰው ሲያዝ ሱቁ ይሄዳል፣ በሱቁ ዋጋ ይገዛል፣ ለደንበኛው ይልካል። በዚህ አካሄድ ትርፍ የለም፤ እንዲያውም ኪሳራ ነው። ግን በዚያ ሰዓት የፈለገው ትርፍ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ መልስ ነበር፦ ሰው ሳይለካ ጫማ ይገዛል ወይስ አይገዛም? ይገዛል። ድርጅቱ ዛፖስ ተባለ፣ በ2009 ደግሞ አማዞን ገዛው።

«ሥራ ፈጠራ» የሚለው ቃላችን ትንሽ ያሳስታል። ስንሰማው የሥራ ቦታ መክፈት፣ ሰው መቅጠር ይመስለናል። ኢንተርፕረነርሺፕ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይጀምራል። ያልተሟላ ፍላጎት ማየት አለ፤ የሚሟላበትን መንገድ መሞከር አለ፤ ከዚያም ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት ነገር ማድረግ አለ። የሥራ ዕድሉ ተከትሎ የሚመጣ ነው። አስተሳሰቡ የምንለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በታች ያለውን ነው፦ ውጤቱ ሳይታወቅ እንዴት ይወሰናል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ካንቲሎን የተባለ ኢኮኖሚስት ከሞተ በኋላ በ1755 በታተመ ጽሑፉ ኢንተርፕረነርን የገለጸው በታወቀ ዋጋ ገዝቶ ባልታወቀ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አድርጎ ነው። ነጋዴውና ገበሬው እዚህ ውስጥ አሉ። ካንቲሎን ለማኙንና ሌባውን ሳይቀር ጨምሯቸዋል፤ እነሱም የነገ ገቢያቸውን አያውቁምና! ፍራንክ ናይት የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1921 ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ዳይስ ስንጥል ሦስት ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። ይሄ ሊሰላ የሚችል ስጋት ነው። ማንም ሸጦት የማያውቀውን ነገር ሰው ይገዛው እንደሆነ ግን የሚያሰላ ቀመር የለም። የሥራ ፈጣሪ ትርፍ የሚመጣው ይህን የማይሰላውን በመሸከሙ ነው አለ።

ብዙ ሰው ታዲያ ከዚህ ተነስቶ «ሥራ ፈጣሪ ማለት ደፋር ነው፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ የሚወራረድ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስዊንመርን ምን ከሰረ? ጥቂት ጊዜና የጥቂት ጫማ የዋጋ ልዩነት። ይሄ ድፍረት ከተባለ በጣም ርካሽ ድፍረት ነው።

ሳራስ ሳራስቫቲ የተባሉ ተመራማሪ ይህንን በደንብ አሳይተዋል። ትልልቅ ኩባንያ ያቆሙ 27 ሥራ ፈጣሪዎችን አነጋገሩና የምናብ ምርት ሰጧቸው። «ይህንን ይዛችሁ ሥራ ብትጀምሩ ምን ታደርጋላችሁ? የምታስቡትን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ» አሏቸው። በ2001 የታተመው ሐሳባቸው ከዚህ የወጣ ነው። የሚገርመው፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች የገበያ ትንበያን ብዙም አያምኑም። የሚነሱት እጃቸው ላይ ካለው ነው፦ እኔ ማን ነኝ? ምን አውቃለሁ? ማንን አውቃለሁ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ነው መጀመሪያ የሚቆጥሩት።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ የሁሉም ቁልፍ ነው። አብዛኞቻችን «ስንት አተርፋለሁ?» ብለን እንጀምራለን። እነሱ «ስንት ቢጠፋብኝ እችለዋለሁ?» ብለው ይጀምራሉ። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። የትርፉ ቁጥር ግምት ነው፤ በፈለጉት መጠን ሊነፋ ይችላል። የኪሳራው ቁጥር ግን ዛሬ የሚታወቅ ነው፤ ኪስን አይቶ መናገር ይቻላል።

ጽናትስ? ጽናት ያስፈልጋል፤ ግን በየመድረኩ የሚሰበከው ዓይነት አይደለም። ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለው የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ለመሥራት 5,127 ናሙና እንደሠራ ይታወቃል። ቁጥሩን ሁሉም ይጠቅሳል። የማይጠቀሰው፣ በየናሙናው አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ መሄዱ ነው። ያንኑ ነገር አምስት ሺህ ጊዜ የሚደግም ሰው ጽኑ ሳይሆን ችኮ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዳይሰን ብድር ውስጥም ተዘፍቆ ነበር። «የምችለውን ብቻ ልክሰር» የሚለው ስሌት ለሁሉም ዘርፍ እንደማይሠራ እሱ ምስክር ነው። መድኃኒት ወይም አውሮፕላን በፎቶ ብቻ አይሞከርም። ደግሞም የምንሰማው የተሳካላቸውን ታሪክ ነው። በብድር ተዘፍቀው የቀሩትን ማን ይተርክልናል?

አስተሳሰቡ የራሱ ድርጅት ላለው ሰው ብቻም አይደለም። ቢሮ ውስጥ የምንለጣጥፋት ቢጫ ወረቀት የተወለደችው ከተቀጣሪዎች ነው። በ1968 ስፔንሰር ሲልቨር በ3ኤም ኩባንያ ጠንካራ ማጣበቂያ ፈልጎ ደካማ ማጣበቂያ ወጣለት፤ ይለጥፋል፣ በቀላሉ ደግሞ ይላቀቃል። ለዓመታት «ለምን ይጠቅማል?» እያለ ባልደረቦቹን ጠየቀ። በ1974 አርት ፍራይ የሚባል ባልደረባው የመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ የሚያስገባቸው ምልክት ወረቀቶች እየወደቁ ሲያስቸግሩት ያ ማጣበቂያ ትዝ አለው። አንዱ መልስ ነበረው፣ ሌላው ጥያቄ ነበረው። በ1980 ፖስት ኢት ተብሎ በመላ አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ።

ልሞክረው ለሚል ሰው መነሻው ትንሽ ናት። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ይህን ያህል ገንዘብ፣ ይህን ያህል ወር። ከዚህ ካለፈ አቆማለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወረቀቱ ለሚያምኑት ሰው ይሰጥ። መጻፍ ያለበት ሥራው ሳይጀመር ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ሰው ከሐሳቡ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፣ ቁጥሩም በየሳምንቱ ከፍ ማለት ይጀምራል።