ብሎክ ታይም ምንድን ነው?

ጅማ ላይ «አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሦስት መቶ ሃምሳ» ይሏችኋል። ልክ ናቸው፤ ግን ይህ የመኪና መልስ ነው። መንገዱ ግቤ በረሃ ድረስ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል፣ ወልቂጤና ወሊሶን ያዳርሳል። አውሮፕላን ግቤ የሚያወርደው ጉዳይ የለም። ከጅማ ኤርፖርት እስከ ቦሌ ቀጥ ያለ መስመር ብትለኩ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው። የበረራ ርቀት የሚባለው ይሄ ነው።

የሚያደናግረው ሰዓቱ ነው። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 260ን ለ650 ስታካፍሉ 24 ደቂቃ ይወጣል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። የአጎቴ ልጅ ይህን አስልቶ «ግማሹን ሰዓት ማን በላው?» ብሎኛል።

ማንም አልበላውም። አውሮፕላን ቆሞ ሳለ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። ታኮው ወጥቶ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ ሌላ ታኮ እስኪገባለት ያለው ጊዜ ነው ብሎክ ታይም። ትኬት ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። መሬት ላይ የሚነዳበት፣ ለመነሳት ወረፋ የሚጠብቅበት፣ ለማረፍ ተራ የሚይዝበት ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ወረፋው ቀላል ነው። ቦሌ ግን ቦሌ ነው፤ አንዳንዴ አየር ላይ ትዞራላችሁ።

በዚያ ላይ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያልነው ፍጥነት፣ ከፍታ ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። ሲወጣም ሲወርድም ቀስ ይላል። የጅማ በረራ አጭር ስለሆነ ገና ፍጥነት ሳይጠግብ ቁልቁለቱ ይጀመራል። (ቁልቁለት አልኩ እንጂ፣ ጅማ ኤርፖርት 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ቦሌ ከ2,300 በላይ። «ወረድን» ስትሉ 600 ሜትር ወጥታችኋል።) አየር መንገዶችም መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨምራሉ። አንዳንዴ ከሰዓቱ ቀድመን የምናርፈው ለዚህ ነው።

በረጅም በረራ ይህ ሁሉ ጭማሪ ብዙም አይታወቅም። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት ያህል ነው። እዚያ የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፤ ትኬት ላይ ያለው የየአገሩ ሰዓት ነው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሲኬድ አምስት፣ ሲመለስ ሦስት ሰዓት የፈጀ ይመስላል። አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው፤ 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በዚህ ተሳስቶ በረራ ያመለጠው ሰው ጅማ ውስጥ አይጠፋም።

ታኮው ከገባ በኋላ ያለው ግን በብሎክ ታይም አይቆጠርም። ሻንጣ ጥበቃው፣ ከታክሲ ጋር ክርክሩ፣ የቦሌ መንገድ መጨናነቅ፣ ሁሉም የራሳችሁ ነው።