ውርስ፣ ኑዛዜና ስጦታ በኢትዮጵያ ሕግ

ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገር ነው። ሌላው ከሞት በኋላ ንብረት ለማን እንደሚሆን መናገር ነው። ድሮ ሁለቱም አንድ አልጋ ዙሪያ ይፈጸሙ ነበር። በሽተኛው ይናገራል፤ የነፍስ አባትና ሽማግሌ ይሰማሉ። ልማዱ ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም። ሕጉ ግን ለአልጋ ላይ ቃል የተወው ቦታ በጣም ጠባብ ነው።

ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ግን በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ ይሻራል። «ቤቱን ለእሷ ብለው ነበር፣ ሁላችንም ሰምተናል» ማለት ቤት አያስገኝም። እናቷን ዓመታት ያስታመመች ልጅ በዚህ ምክንያት ባዶ እጇን ስትቀር ያንገበግባል።

ቤት በኑዛዜ እንዲያልፍ መጻፍ አለበት። ተናዛዡ ሙሉውን በገዛ እጁ ሊጽፈው ይችላል። ያኔ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ይኑር። ወይም ሌላ ሰው ይጽፍለትና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። መነበቡ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከተረሳች ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚናዘዙትም እንዲሁ።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ወንድና ሴት፣ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ የጉዲፈቻ ልጅም ልዩነት የለውም። ቀድሞ የሞተውን ልጅ ድርሻ የእሱ ልጆች ይወስዳሉ። ተወላጅ ከሌለ ውርሱ ወደ እናትና አባት ይሄዳል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። ሚስት ወይም ባል ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ይወስዳሉ እንጂ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። የገጠር መሬት የራሱ አዋጅ አለው። ሙስሊሞችም ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዳኛሉ።

ስጦታ በሕይወት ሳሉ የሚደረግ ነው። የቤት ስጦታ ልክ እንደ ኑዛዜው በምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ኑዛዜን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይለውጠዋል። ስጦታን ግን እንዲሁ መመለስ አይቻልም። መኖሪያቸውን ለልጅ የሚሰጡ እናቶችና አባቶች ይህን ሳያውቁ ባይፈርሙ ጥሩ ነው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ንብረት ማንሳት ነውር ነው። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ መታገስም ያስመሰግናል። ነገር ግን ወራሹ መብቱንና ንብረቱን ሌላ ሰው መያዙን ካወቀ፣ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው።