መሪውና ሞተሩ ሲተሳሰሩ፦ ስለ ሸራ ጀልባ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

እኔና አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምናስራት ካታሊና 22 የምትባል አሮጌ የሸራ ጀልባ አለችን። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጀርባዋ፣ ማለትም የኋላ ጫፏ፣ መሃል ላይ መሪው ተሰቅሏል። ከመሪው ጎን ደግሞ 6 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከፍና ዝቅ በሚል ማቀፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። ሸራው ንፋስ ሲይዝ ጀልባዋ በሁለት ጣት ትታዘዛለች። ሸራው ወርዶ በሞተር ወደ ማሰሪያዋ ስትገባ ግን አመሏ ይለወጣል። እጀታውን እስከ ጥግ ገፍተነው እሷ ቀጥ ብላ ወደ ሰው ጀልባ!

ጎረቤቶቻችን «ሞተሩን ከመሪው ጋር በዘንግ አገናኙት» አሉን። ምክሩ ትክክል ነው። ስለ ዘንጉ አብሮ የተነገረን ነገር ግን ግማሹ ስህተት ነበር። ግማሹን ስህተት ደግሞ እኛው ራሳችን ጨመርንበት። ከዚህ በታች መሪ የምለው ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሳንቃ ነው። እጀታ የምለው ደግሞ እኛ የምንይዘውን እንጨት።

«መሪው ከተጠመዘዘ ጀልባዋ ትዞራለች»

መኪና የለመደ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የያዕቆብ መልእክት ትልቅ መርከብ በታናሽ መቅዘፊያ እንደሚመራ ይናገራል። ልጆች ሆነን ስንሰማው ዓይናችን ያቺ ትንሽ መቅዘፊያ ላይ ቀረ። እዚያው ቁጥር ላይ መርከቡ በነፋስ እየተነዳ መሆኑን ልብ ያልነው ስንቶቻችን ነን? ለመርከበኛ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

መሪ የራሱ ጉልበት የለውም። ጀልባዋ ስትሄድ ውሃው መጥቶ ሲመታው ብቻ ጀርባዋን ወደ ጎን ይገፋል። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ታዲያ የመሪው ጉልበት በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ4 ኖት ስንሄድ ከነበረው ጉልበት በ1 ኖት የሚተርፈን ከ16 እጅ አንዱ ነው። ስትቆም ምንም የለም። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእግረኛ እንኳ ያንሳል። ማሰሪያ ውስጥ የምንገባው ደግሞ በዚሁ ፍጥነት ነው። መሪው በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ነው የሚተወን።

ሞተራቸው ሆዳቸው ውስጥ የተቀመጠ ጀልባዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። ፕሮፔለራቸው ከመሪው ፊት ይሽከረከራል። የሚገፋው ውሃ በቀጥታ መሪውን ይመታል። ጀልባዋ ቆማ እንኳ ለአፍታ ነዳጅ ቢሰጣት መሪው ነፍስ ይዘራል። የኛ ሞተር ግን ከመሪው ጎንና ኋላ ነው ያለው። ያን ሁሉ ውሃ ሲገፋ ለመሪው ጠብ የሚልለት የለም። የዘንጉ ሥራ ይህን ማካካስ ነው። መሪው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፤ መሪው ያጣውን ግፊት ሞተሩ ራሱ ወደ ጎን ይሰጣል።

«እንግዲያው ሞተሩን ብቻ በእጅ ማዞር ይበቃል»

ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ የተጓዘ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ጀልባ ነጂው ከኋላ ቁጭ ብሎ ሞተሩን በእጁ ይጠመዝዛል። ሌላ መሪ የሚባል ነገር የለም። ለዚያ ዓይነት ጀልባ ትክክል ነው። የሸራ ጀልባ ግን ትልቅ ሳንቃ ከኋላዋ ተተክሏል። ሞተሩን አዙረን መሪውን ቀጥ አድርገን ብንተወው መሪው መዞሩን ይቃወማል። ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ መሪው «ቀጥ በይ» ይላታል። ልቅ አድርገን ብንተወው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል። ሁለቱንም ለየብቻ መያዝ ይቻላል፤ ሁለት እጅ አለን። ግን ገመዱን ማን ይወረውራል?

«ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከተቆለፈ ጀልባዋም ቀጥ ትላለች»

አትልም። ሞተራችን ከመሃል ወደ ግራ ወጣ ብሎ ነው የተሰቀለው። ከባድ ጋሪ በግራ ጥጉ በኩል ብቻ ሲገፋ ፊቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጀልባዋም እንደዚያው ናት። ጭርሱኑ ከቆመችበት ስትነሳ ይብሳል፤ መሪው ገና አልነቃማ። ዘንጉ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ ሞተሩን በጥቂቱ ወደ ጎን አዙሮ ማሰር ይቻላል። ያኔ እጀታው መሃል ላይ እያለ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

«ትልቅ ሞተር ብትገዙ ይሻላችኋል»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የፈጣን ጀልባ ባለቤቶች ናቸው። እንደኛዋ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ግን የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም በርዝመቱ ይወሰናል። ለኛዋ ወደ 6 ኖት ነው፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ የተጨመረ ጉልበት ማዕበል ይሠራል እንጂ ብዙ አያስኬድም። ክብደቱ ደግሞ ጀርባዋን ያሰምጣል። ለቀርፋፋ መሪ መድኃኒቱ እሱ አይደለም።

«ሁለቱን በሆነ ነገር ማያያዝ ነው»

እኛ የጀመርነው በገመድ ነው። አትሳቁ። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ወደ አንዱ ጎን ስንዞር ሞተሩ ተከተለን። ስንመለስ ገመዱ ረገበና ሞተሩ ባለበት ቀረ። ቀጥሎ የአሉሚኒየም ቱቦ ገዛን፣ ጫፎቹን ጠፍጥፈን በብሎን አሰርነው። ሞተሩን ወደ ውሃ ስናወርደው ቱቦው ታጠፈ። ወንድሜ ጫፎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጭንቅላታችንም ተጠፍጥፏል ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቀለደብን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማቀፊያው ሲወርድ ሞተሩ አብሮ ቁልቁል ይሄዳል፤ መሪው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ የዘንጉ ሁለት ጫፎች ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም መተጣጠፍ አለባቸው። በመኪና መሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ኳስ መሰል ነገር ውስጡ የሚዞርበትን መገጣጠሚያ አስቡት። ለጀልባ የሚሆን የማይዝግ ብረት ዓይነቱ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ትንሿን ሞተር ከትልቁ ጋር የሚያያይዙበት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዘንግም አለ። ለሸራ ጀልባ ታስቦ ባይሠራም ብዙ ሰው አስተካክሎ ይጠቀምበታል።

የት እንደሚታሰርም ይለያያል። እጀታው ላይ ማሰር ያጓጓል፤ ቅርብ ነው። ግን እጀታው ወደ ላይ የሚነሳ ነገር ነው፣ በተነሳ ቁጥር ልኩን ያዛባል። የሚሻለው ከመሪው አናት ላይ አጭር ክንድ አውጥቶ እሷ ላይ ማሰር ነው። በሞተሩ በኩል ደግሞ ሽፋኑን እንዳትበሱት። እሱ የሚወልቅ ክዳን ነው፣ ጉልበት አይችልም። የሞተሩን እጀታ የተሸከመው ብረት ላይ ነው የሚታሰረው።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። ከመሪው ማጠፊያ እስከ ዘንጉ ማሰሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሞተሩም በኩል 20 ይሁን። ዘንጉ ደግሞ ሁለቱን ማጠፊያዎች ከሚያገናኘው መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ያኔ ሁለቱ እኩል ይዞራሉ። በሞተሩ በኩል ያለው ክንድ ካጠረ ሞተሩ ከመሪው አብልጦ ይዞራል። አንዳንዱ ይህን አውቆ ያደርገዋል። እኔ እኩሉን እመርጣለሁ፤ እጀታውን አይቼ ሞተሩ ወዴት እንደዞረ ዞሬ ሳላይ አውቀዋለሁ። መሪው ከ35 ዲግሪ ገደማ በላይ ቢጠመዘዝ ከማዞር ይልቅ እንደ ፍሬን መያዝ ስለሚጀምር፣ ከዚያ በላይ የሚሄድ ዘንግ መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሞተሩ ሲዞር ፕሮፔለሩ መሪውን እንዳይነካው። ይህን በዓይን ግምት አትለፉት። ሞተሩን አጥፉ፣ ወደ ውሃ አውርዱት፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ውሰዱት። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይይ። ከተቀራረቡ መዞሩን የሚገታ ነገር ይግባበት። እየተሽከረከረ መሪ የነካ ፕሮፔለር ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

«ዘንጉ እጀታውን ያቀልለዋል»

ጀልባዋን ማዞር ይቀልላል። እጀታው ግን ይከብዳል። ከዚህ በኋላ መሪውን ብቻ ሳይሆን 25 ኪሎ የሚሆን ሞተርም ነው የምናዞረው። ብዙ ሞተሮች ላይ ዙሩን የምታጠብቅ ብሎን አለች። ሞተሩ ለብቻው ሲሠራ ጠበቅ ትደረጋለች፤ ዘንጉ ሲታሰር መላላት አለባት። እኛ እሷን ረስተን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከእጀታው ጋር ታግለናል።

«በኋላ ማርሽ ነገሩ ይገለበጣል»

ብዙ ሰው መሪውና ሞተሩ ወደኋላ ሲኬድ የሚጣሉ ይመስለዋል። አይጣሉም። የመሪው የኋላ ጫፍ ወደ ቀኝ ከሆነ፣ ወደኋላ ስንሄድ ጀርባዋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ፕሮፔለሩም ወደ ቀኝ ዞሮ ስለሚጎትት ጀርባዋን ወደዚያው ይወስዳታል። እንዲያውም ዘንጉ ዋጋውን የሚያወጣው በኋላ ማርሽ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ወደኋላ ሲኬድ ውሃው መሪውን በጫፉ በኩል ስለሚመታው እጀታው ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል፤ አጥብቃችሁ ያዙት። ሞተሩም ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚይዘው መቆለፊያ መግባት አለበት።

2 ወይም 3 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ ኋላ ማርሽ ጭራሽ የላቸውም። ወደኋላ ለመሄድ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ፊቱን ይገለብጣል። እሱን በዘንግ ማሰር ማለት ወደኋላ መሄድን መተው ነው።

«አንዴ ከታሰረ ይቆይ»

ሸራ ሲወጣ ሞተሩ ከውሃ ይነሳል፤ ያለዚያ እንደ መልሕቅ ይጎትታል። ዘንጉ እንደታሰረ ከቀረ በሁለት ጣት የምትታዘዝ ጀልባ የሞተር ክብደት እያወዛወዙ የሚመሯት ትሆናለች። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚነቀል ፒን ያስፈልጋል። ካቻቪቴ የሚፈልግ ዘንግ፣ ንፋስ ድንገት ሲመጣ አይፈታም።

«ከእንግዲህ ወደ ሞተሩ መዞር የለም»

አለ። ዘንጉ ይመራል እንጂ ማርሽ አይቀይርም፣ ነዳጅም አይሰጥም። ሁለቱ ሞተሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ አሁንም በጀልባዋ ጀርባ በኩል ማጎንበስ አለ። ማጎንበስ ካለ ደግሞ መውደቅ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ2021 ኤፕሪል ጀምሮ፣ ከ26 ጫማ (8 ሜትር ገደማ) በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ሞተር የሚያጠፋውን ገመድ ሰውነቱ ላይ እንዲያስር ያዝዛል። እንደኛ ዝግ ብሎ የሚሄደውን ሕጉ አያስገድደውም። አንዳንዱ ይህን «አያስፈልገንም» ብሎ ይተረጉመዋል። ነጂዋ የወደቀባት፣ ሞተሯም እንደዞረ የቀረ ጀልባ ግን ክብ እየሠራች ወደ ወደቀው ሰው ነው የምትመለሰው፤ ፕሮፔለሯን ይዛ።

እኛ ጋ ሞተር የሚያጠፋው ቀዩ ገመድ የነጂው እጅ ላይ ነው። የዘንጉ ፒንም በሲባጎ ታስሯል። የመጀመሪያው ፒን ፖቶማክ ውስጥ ነው ያለው።