«የበላበትን ወጪት ሰባሪ»፦ ከታንክስጊቪንግ ማዕድ የተነሳ ወሬ

ባለፈው ዓመት ታንክስጊቪንግን፣ ሁልጊዜ ሐሙስ የሚውለውን የአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ነው ያሳለፍነው። ሐሙሱ ከህዳር 15 በኋላ ስለዋለ የነቢያት ጾም ገብቷል። ስለዚህ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ጫፍ ተርኪውና የቺዝ ማካሮኒው፣ ለልጆቹና ፕሮቴስታንት ለሆኑት ዘመዶቻችን። በሌላው ጫፍ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ፣ ለእናቴና ለሌላው ጾመኛ። ማንም ማንን አልታዘበም። እናቴ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ «ተመስገን» አለችና ተቀመጠች። ለእሷ ምስጋናው እዚያ ላይ አልቋል። እህቴ ግን በአገሩ ደንብ «ሁላችንም የምናመሰግንበትን አንድ አንድ ነገር እንናገር» አለች።

ዙሩ የአስር ዓመት ልጇ ጋ ሲደርስ፣ ልጁ ምስጋናውን ትቶ ትምህርት ቤት የተማረውን አወጣው። እንግዶቹ፣ እንግሊዛውያኑ ሰፋሪዎች፣ በመርከብ አሜሪካ ሲመጡ ርቧቸው እንደነበር። የአገሬው ሰዎች እንደደረሱላቸው። ኋላ ላይ ደግሞ መሬታቸውን እንደተነጠቁ። እህቴ ለእናቴ ተረጎመችላት። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች።

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ በለኛ!»

«እማማ፣ ወጪት ምንድን ነው?»

ጥያቄው ለልጁ ብቻ አይደለም። ከተማ ያደገ ብዙ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ከዚህ አባባል ነው። ወጪት ጎድጎድ ያለ የሸክላ ዕቃ ነው። ወጡ ከድስት ተጨልፎ በእሱ ይቀርባል። ዛሬ ቦታውን ሳህን ወሰደው። አባባሉ ግን ዕቃውን ይዞ ቀረ።

«ሳህን» ቢባል ደግሞ ግማሽ ጉልበቱ ይጠፋል። ብረት ቢጣመም ይቃናል፤ ሸክላ ከተሰበረ ገል ነው። ፍም ለመጫር ካልሆነ አይረባም። ደግሞም ወጪት የአንድ ሰው አይደለም። ነገም ሌላ ሰው ይበላበታል። የሰበረው ሰው የራሱን ድርሻ ጨርሶ፣ የሚቀጥለውን ሰው ማዕድ ነው ያጠፋው።

ቃላቱንም ልብ በሉ። «የበላበትን» ነው የሚለው። ሰውየው በልቷል፣ ጠግቧል። ሰበረ እንጂ ርቦት አልነጠቀም። «ሰባሪ» ይላል እንጂ «የሰበረ» አይልም። አንዴ ከእጁ ያመለጠው ሰው ሳይሆን አመል ያደረገው ማለት ነው። «ውለታ ቢስ» ከሚለው ስድብ የሚከፋው ለዚህ ይመስለኛል። ውለታ ቢስ ዝም ብሎ ይረሳል። ይሄኛው ተነስቶ ያፈርሳል።

እናቴ የአሜሪካ ታሪክ አልተማረችም። ግን በትክክል ነው የገጠመችው። ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ 102 መንገደኞች እ.ኤ.አ. በ1620 መጡ። የመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉን ጨረሰ። የሰፈሩበት ቦታ፣ ፕሊማውዝ፣ ቀድሞ ፓቱክሴት የሚባል የአገሬው ሰዎች መንደር ነበር፤ ነዋሪዎቹ በወረርሽኝ አልቀዋል። ከዚያ መንደር ልጆች የተረፈው ቲስኳንተም በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ፣ ዓሣ ከዘሩ ሥር ቀብሮ መሬቱን ማዳበር እንዴት እንደሆነ አሳያቸው። በ1621 መከሩ ሲገባ የአካባቢው ሕዝብ የዋምፓኖአግ መሪ ማሳሶይት ዘጠና ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ። ወጥተውም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ሦስት ቀን አብረው በሉ።

ማሳሶይት ከሞተ በኋላ፣ በ1675 በልጁ በሜታኮምና በሰፋሪዎቹ መካከል ጦርነት ተነሳ። በ1676 ሜታኮም ተገደለ። ጭንቅላቱ እዚያው ፕሊማውዝ ውስጥ እንጨት ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ታየ። አባቱ አጋዘን አስመጥቶ አብሮ በበላበት ከተማ። ከ1970 ጀምሮ የአገሬው ተወላጆችና ደጋፊዎቻቸው በየታንክስጊቪንጉ ፕሊማውዝ ተሰብስበው ቀኑን በሐዘን ያስቡታል። ሌላው አሜሪካ በ1863 ሊንከን ባወጀውና በ1941 ኮንግረስ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ባጸናው በዓል ተርኪውን ይቆርጣል። ሁለቱም ያው ቀን ነው።

ነገሩ የእኛም ነው፣ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ወጪቱን የሚሠሩት አገራችን ውስጥ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። አገሩ በሙሉ በእጃቸው ሥራ እየበላ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ይል ነበር፤ ከጋብቻም ያርቅ ነበር። ይህን ተረት የተረተው ሰው ወጪቱን ከማን እንደገዛ አስቦ ያውቅ ይሆን?

አሳቡ በመጽሐፍም አለ። ዳዊት በመዝሙሩ እንጀራውን የበላ ወዳጁ ተረከዙን እንዳነሳበት ያለቅሳል። ዮሐንስ ወንጌል ላይ ጌታ ይህንኑ ቃል የሚያነሳው እራት ተቀምጠው ሳለ ነው። ጠላት ሲመታ ያማል። አብሮ የበላ ሲመታ ግን ስም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አባባሉን አብዝቶ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ያበላው ወገን ነው። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያሳረፈኝ ሰው ነበር። አራት ወር ሶፋው ላይ ተኛሁ። ውለታው አይካድም። በኋላ በአንድ ጉዳይ ሳልስማማ ስቀር በሰው ፊት «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» አለኝ። አፌ ተያዘ። አሁን ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ ወጡ ጨው በዝቶበታል ማለት ወጪት መስበር አይደለም። አለቃ ሠራተኛውን፣ መንግሥት ዜጋውን ዝም ለማሰኘት ይህን ተረት ሲመዝ ስሰማ ያ ሶፋ ትዝ ይለኛል።

እናቴ ለልጅ ልጇ ይህን ሁሉ አላብራራችም። «ሲያበሉህ የበላህበት ሸክላ ነው፤ ቀስ ብለህ አስቀምጠው» አለችው። እሱም የወረቀት ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ በጣም ቀስ ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ስንወጣ እንደተለመደው የተረፈው ተከፋፈለ። ተርኪው በፎይል፣ ሽሮው በላስቲክ ዕቃ። እናቴ በር ላይ ቆማ ለእያንዳንዳችን «ዕቃዬን መልሱ፣ ባዶውን ደግሞ እንዳታመጡት» አለች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የእሷ ሁለት ዕቃዎች፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ፣ እስካሁን እኔ ቤት ናቸው።