ውጭ አገር ይዘናቸው ስለምንሄድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዳፕተር ካለኝ ምን ችግር አለ?»

ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው ይሄኛው ነው። አዳፕተር ሶኬቱ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ ቮልት አይነካም። ከግድግዳው 230 ቮልት ከመጣ ዕቃው ውስጥም 230 ይገባል። አሜሪካ የተገዛ፣ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ እንውሰድ። ቮልቱ በእጥፍ ገደማ ሲጨምር የሚስበው ኃይልም እጥፍ የሚሆን ይመስላል። አይደለም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ከቮልቱ ጋር ከረንቱም አብሮ ይወጣላ! 1,500 ዋት የነበረው ከ5,000 በላይ ልሳብ ይላል። ሽቦው ይቀላል፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ወይ ፊውዙ ወይ ዕቃው ይሄዳል።

«እንግዲያው ለሁሉም ዕቃ ትራንስፎርመር (ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) ያስፈልጋል»

ይሄም ማጋነን ነው። የስልክ ወይም የላፕቶፕ ቻርጀራችሁ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ (ዓይን ትፈትናለች)። «ኢንፑት» ከሚለው ጎን 100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ ካለ አዳፕተር ብቻ ይበቃችኋል። አንዳንድ የጉዞ ፀጉር ማድረቂያ ደግሞ በሁለቱም ቮልት ይሠራል፤ ግን ሳትሰኩ በፊት የቮልት ማዞሪያውን በእጃችሁ ማዞር አለባችሁ።

«ቮልቱ ካነሰ አይጎዳም»

የ230 ቮልት ካውያ 120 ላይ ቢሰካ አይቃጠልም። ኃይሉ ሩብ ገደማ ስለሚሆን ልብስም በወጉ አይተኩስም። ሞተር ያለው ዕቃ ግን ሌላ ነው። ፍሪጅ ለመነሳት እየታገለ ሞተሩ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል።

«ትራንስፎርመር ከገዛሁ አለቀ»

መጀመሪያ ዋቱን እዩ፤ ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት። ለ2,000 ዋት የሚሆነው ደግሞ ሻንጣ የሚያስረሳ ክብደት አለው። ለካውያ ብሎ እሱን ከመሸከም እዚያው ሌላ ካውያ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሄርዝ የሚባል ነገርም አለ፣ ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት፤ ትራንስፎርመር እሱን አይቀይርም። ጊዜን ከመስመሩ ሄርዝ የሚቆጥር፣ ለ60 የተሠራ ሰዓት 50 ላይ ከሰካችሁት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል።

«አንድ አገር፣ አንድ ዓይነት መብራት»

ጃፓን ሁሉም ቦታ 100 ቮልት ነው፤ ሄርዙ ግን ቶኪዮ 50፣ ኦሳካ 60 ነው። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ቮልቱ ራሱ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ አንዱ ጋ 127፣ ሌላው ጋ 220። የሶኬቱ ቅርጽ ግን ያው ስለሆነ፣ ሳትሰኩ በፊት የቤቱን ሰው ጠይቁ።